በአሥራ ሁለት ዓመቱ የወለደ

ሮቤ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ጸሐፊዋ ዙሀይራ የኖርዌይ መኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ቅጽ ኮምፒውተር ላይ እየሞላች ሳለ ጣቷ በድንገት ቆመ። አንዴ የደንበኛዋን የኢታናን የልደት ካርድ፣ አንዴ ልጁ ሌንሳ ከኖርዌይ የላከችውን የፓስፖርት ቅጂ አየች። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም።

«ኦቦ ኢታና፣ አይቀየሙኝና፣ ሌንሳ ልጅዎ ናት ወይስ እህትዎ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ በወረቀቱ የተወለዱት በአርባ ሰባት ነው። የእሷን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ደግሞ ሃምሳ ዘጠኝ ይመጣል። በአሥራ ሁለት ዓመትዎ ወልደዋል ማለት ነው። ማሻ አላህ!»

ኢታናም አብሯት ሳቀ። አርባ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የሰው ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰው፣ የራሱንና የልጁን ወረቀት አንድ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጦ አይቶ አያውቅም ነበር። የሌላውን ሰው ስህተት ለማግኘት ግን ማን ይወዳደረው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢታና ጡረታ አፍንጫው ሥር በደረሰበት ጊዜ ሚስቱ ጤቤ ታማ ነበር፤ መድኃኒቷ የሚገዛው ደግሞ ከደመወዙ ነው። የሠራተኛው መረጃ እንደ አዲስ ይሞላ ሲባል ሦስት ምስክር ቆጥሮ ከዕድሜው ላይ ሰባት ዓመት አስቀነሰ። ማን ያላስቀነሰ አለ? በዚያ መሥሪያ ቤት ፋይል ቢታመን ኖሮ ግማሹ ሠራተኛ ከታናሽ ወንድሙ ያንስ ነበር። ሌንሳ በበኩሏ በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ጅዳ ልሂድ ብላ ተነሳች። ደላላው ከሃያ አምስት በታች አይቀበሉም አለ። ኢታና ራሱ ቀበሌ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት አስጨመረላት። እሱ ወደ ታች፣ እሷ ወደ ላይ፣ ወረቀታቸው መንገድ ላይ ሊገናኝ ጥቂት ቀረው።

«ምን ይሻላል?» አለች ዙሀይራ ሳቋን ትታ። «ልላከው ወይስ ይቆይ?»

ኢታና መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ። ዘንድሮ ስልሳ ሞልቶሃል ተብሎ በጭብጨባ ጡረታ የወጣ የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ጤቤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ጎባ ባለችው ቤቱ ሲያስነጥሰው ይማርህ የሚለው የለም። ሌንሳ ከጅዳ ስንት አገር አቋርጣ ኖርዌይ ገብታ፣ ዜግነት አግኝታ፣ አሁን በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ትሠራለች። «የሰው አባት አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ ነው የምገባው» ትለዋለች በየእሑዱ ስትደውል፤ «የራሴ አባት ግን ብቻውን በልቶ ብቻውን ይተኛል።» ሕጉን ጠይቃ ያጣራችው እሷ ናት፤ የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ ስልሳ ያለፈው፣ አገር ቤት ሌላ ልጅ የሌለው ወላጅ ልጁ ዘንድ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል። ኢታና ሦስቱንም ያሟላል። ሰባት ዓመት ቢቀነስበትም እንኳ ያሟላል።

«ላኪው» አለ። «የፈረንጅ ጸሐፊ እንዳንቺ ቁጥር አያይም።»

ተሳስቷል። የፈረንጅ ጸሐፊ ቁጥር ነው የሚያየው።

መልሱ በአምስተኛው ወር መጣ። የኢታና ደብዳቤ የሚመጣው በዙሀይራ ኢሜይል ነው፤ ስለዚህ ደወለችለት፤ እሱም ከጎባ በሚኒባስ ከነፈ። ስትጠብቀው ፊቷ በርቶ ነበር።

«አብሽሩ፣ ኦቦ ኢታና! አልከለከሉዎትም። የዕድሜ ልዩነቱ አጠራጥሮናል ብለዋል፤ ግን መፍትሔውንም ራሳቸው ሰጥተዋል። የዲኤንኤ ምርመራ ነው፣ ወጪውንም ራሳቸው ይችላሉ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልጅነቷን በሥጋ የሚያረጋግጥ ምርመራ ነዋ! አዲስ አበባ ሆስፒታል ይሄዳሉ፣ አፍዎን ይከፍታሉ፣ ጉንጭዎን ከውስጥ በጥጥ ያብሱታል፣ አለቀ። እሷም እዚያው ትሰጣለች። ሁለቱን ያስተያዩታል። ቀን የለ፣ ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። መቼም ሥጋ አይዋሽ!»

ኢታና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዙሀይራ ደስታ ያደከመው መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

ሌንሳን ኢታና አልወለዳትም።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች አብዛኞቹ ከመሬት በታች ናቸው። ጤቤ በስምንት ዓመት ትዳር አልወለደችም። ያኔ ኢታና ሥራው አጋርፋ ነበር። ለሚ የሚባል ገበሬ ጎረቤታቸው ሚስቱ በወሊድ ሞተችበትና የሰባት ቀን ሴት ልጅ ታቅፎ ቀረ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ለሚ ልጅቱን በጤቤ ጭን ላይ አስቀመጠ፤ እንደ ደንቡም ቅቤ ተቀባች። ከዚያ መሐላው መጣ። ለሚ «ወለድኳት አልልም» ብሎ ማለ። ኢታና «አልወለድኳትም አልልም» ብሎ ማለ። ከጉዲፈቻ በኋላ ጉዲፈቻ የሚባል ነገር የለም፤ ልጅ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ በአባቱ ስም ይጠራል፣ አባቱ ሲሞት ይቀብራል። ያንን ቃል መልሶ ያነሳ ሰው በሽማግሌዎቹ ዓይን ሰው አይደለም። ለሚ ሌንሳ ዓመት ሳይሞላት ሞተ፤ መሐላውን አክብሮ፣ አንድ ቀን እንኳ በደጃቸው ቆሞ ሳያያት።

መሐላው ብቻ ቢሆን ምናልባት ኢታና መላ ያበጅለት ነበር፤ መላ ማበጀት ያውቅበታል። ግን ሌላ ነገር አለ። ሌንሳ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አንዲት የክፍሏ ልጅ ተጣልታት «ጤቤ መካን ናት፤ አንቺን ከየት አመጣችሽ?» አለቻት። ሌንሳ ቤት ስትገባ ትኩሳት እንደ እሳት ያቃጥላት ነበር። ሁለት ቀን አልበላችም። በሦስተኛው ቀን የኢታናን ኮት ይዛ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው። ኢታና በፈጣሪ ስም ማለላት፤ «እኔ ነኝ የወለድኩሽ» አለ። በወሩ ዝውውር ጠይቆ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ጎባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሌንሳ ያንን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችም። አባቴ ማለልኝ፣ አለቀ። እንዲህ አድርጎ ያመነውን ሰው ደግሞ በሠላሳ ዓመቱ ተነስቶ ዋሽቼሽ ነበር ማለት በአፍ የሚቀል ነገር አይደለም።

እሑድ ሌንሳ ደወለች። ድምፅዋ ይዘል ነበር።

«አባ! ደብዳቤውን አዩት አይደል? እኔ እኮ ማክሰኞ ዕለት ሰጠሁ!»

«ሰጠሽ?» አለ ኢታና። «ምነው እንዲህ ቸኮልሽ?»

«ለምን እቆያለሁ? አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የእርስዎ ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። እንዳያልፍዎት፤ ካለፈ ፋይሉን ይዘጉታል፣ እንደገና ማመልከትም መከራ ነው። ክፍልዎን ቀለም ቀባሁት። መስኮቱ ወደ ባሕር ነው የሚያየው።»

ኢታና አሁን ልንገራት አለ። ምላሱን አዘጋጀ። «ሌንሳ…» አለ።

«አቤት አባ?»

ያ «አቤት» በዘጠኝ ዓመቷ ኮቱን ይዛ ስታየው የነበረውን ፊት አመጣበት።

«ወፍራም ካልሲ ልያዝ ወይ ልልሽ ነው» አለ።

ሌንሳ ሳቀች። ያን ዕለት ማታ ኢታና እራት አልቀመሰም። በማግሥቱም ቢሆን የበላው ለመድኃኒት ያህል ነው።

ረቡዕ ዕለት ሮቤ ወርዶ ዲኖ ዘንድ ሄደ። ዲኖ የጊኒር ሰው ነው፤ በወጣትነቱ አጋርፋ እህል ይነግድ ስለነበር በመሐላው ቀን ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ ያየ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ ብቸኛ ምስክር እሱ ነው። ሮቤ ውስጥ የእህል መጋዘን አለው። የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ኢታና ሁሉንም ነገረው።

ዲኖ ጢሙን አሻሸ።

«ንገራት» አለ። «ትልቅ ሴት ናት። አገር ያየች ናት። ስንት በረሃ ያቋረጠች ልጅ በዚህ ትሞታለች?»

«አትሞትም። ግን አባት አይኖራትም።»

«ኤዲያ! አሳድገሃታል እኮ።»

«ያሳደገ ሰው ብዙ ነው፣ ዲኖ። እሷ በምትሠራበት መጦሪያ ቤት ያሉት ሽማግሌዎችም ያሳደጓቸው ልጆች አሏቸው፤ በዓመት አንዴ አበባ ይዘው ይጠይቋቸዋል። እሷ ራሷ ነግራኛለች። እኔ አሳዳጊ መሆን አልፈልግም። እናቷን ደግሞ አስብ! ጤቤ መቃብሯ ውስጥ ሆና ዛሬ መካን ትባል?»

«እሺ፣ ሌላ መንገድ። ፍርድ ቤት ሄደን የጉዲፈቻ ወረቀት እናውጣ። እኔ እመሰክራለሁ። ወላሂ፣ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

«ወረቀቱ የት ይሄዳል?»

ዲኖ ገባው። ወረቀቱ የሚሄደው ለኤምባሲው ነው፤ ኤምባሲው ደግሞ ለሌንሳም ቅጂ ይልካል። በየትኛውም በር ቢገቡ ሌንሳ ቆማ ትጠብቃለች።

«እንግዲያው ምርመራውን ስጥና ዕጣህን ሞክር» አለ ዲኖ፤ ራሱም ባላመነበት ድምፅ። «ማሽንም እኮ ይሳሳታል።»

«ለእኔ ብሎ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ዲኖ እጁን በኢታና ጉልበት ላይ አሳረፈ። «ብቻህን አርጅተህ ብትሞት ማን ያገኝሃል? ባለፈው ክረምት ወድቀህ ሁለት ቀን ወለል ላይ የተኛኸውን ረሳኸው? ጎረቤት በሩን ባይሰብር ኖሮ ዛሬ አፈር ነበርክ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ካልሄድክ በዚያች ቤት ውስጥ ትሞታለህ። ሂድ፣ ኢታና። መንገድ ላይ አላህ ያሳይሃል።»

ኢታና ያንን መውደቁን አልረሳም። ሲሚንቶው ጉንጩ ላይ እንዴት እንደቀዘቀዘ ዛሬም ያውቀዋል። በየለሊቱ ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሳ ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ ነው። ለሌንሳ ግን እስከዛሬ አልነገራትም። ሞትን አልፈራም ቢል ይዋሻል፤ እንደዚያ ወድቆ መሞትን ግን ከሁሉ አብልጦ ይፈራል። ስለዚህ ትኬት ቆረጠ።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ከሮቤ ተነሳ። ኢታና በመስኮት በኩል ተቀምጧል። ቦርሳውን ከላይ ሊጭኑለት ሲሉ እምቢ ብሎ ጭኑ ላይ አደረገው። ውስጡ ደብዳቤው፣ የልደት ካርዱ፣ ሁለት ሸሚዝና ወፍራም ካልሲ አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው፤ «ልጄ ዘንድ» አላት። ከአፉ ከወጣ በኋላ ቃሉ አስደነገጠው።

መንገዱን በሙሉ በልቡ ልምምድ ያደርግ ነበር። ነገ ጠዋት ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ይመጣል። አፍዎን ይክፈቱ ይላል። ኢታና ይከፍታል። ጥጡ ጉንጩን ይነካል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ጥጧ በአውሮፕላን ትሄዳለች፤ እሱ የማያውቀው ሰው የማያውቀው ክፍል ውስጥ ያያታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌንሳ ከሥራ ስትገባ ፖስታ ሳጥኗ ውስጥ አንዲት ወረቀት ታገኛለች። ቆማ ታነባታለች። ኮቷን ሳታወልቅ። ማን አጠገቧ አለ? ማንም። እሱ ምላሱን ፈርቶ ለፖስተኛ አደራ የሚሰጥ አባት ነው። ይህን ሲያስብ ላብ አጠመቀው፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ሴትዮዋ ብርድ ገባ ብላ ዘጋችው።

እንግዲያው ዛሬውኑ በስልክ ልንገራት፣ አለ። ከዚያ ደግሞ ጤቤን አሰበ፤ ሌንሳን በጀርባዋ አዝላ፣ ወተት ባይኖራትም በጡቷ እያባበለች፣ ጠዋት ጠዋት ቁርና ጭጋግ ሳትል በጎረቤት ሴቶች ዓይን ሥር ወደ ወንዝ ስትወርድ። ኮራ ብላ ነበር የምትሄደው። የእሷን ኩራት ለእኔ እርጅና ልሽጠው? አለ። አንዱን ሲያነሳ አንዱን ይጥላል፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፋው።

ዲንሾ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ለፍተሻ ውረዱ ተባለ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። ኢታናም ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ፈታሾቹ ሥራቸውን ጨረሱ። ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» እያለ በሩን ደበደበ። ተሳፋሪው እየተጋፋ ገባ። ኢታና እግሩን አነሳ፤ ደረጃው ላይ አላረፈም፤ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ!»

«ሂዱ» አለ ኢታና። «እኔ እዚህ ነኝ።»

«ትኬትዎ እስከ አዲስ አበባ አይደለም እንዴ? ብሩ አይመለስም።»

«አይመለስ።»

አውቶቡሱ ሄደ። ኢታና የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እፎይ ይል መስሎት ነበር፤ አላለም። ቦርሳውን እንደገና ጭኑ ላይ አደረገ። አሁኑኑ ሌላ መኪና ቢመጣ ልሳፈርበት ይሆን ብሎ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ። ቀጠሮው ነገ ነው፤ ገና ጊዜ አለ። ይኸው «ገና ጊዜ አለ» የሚለው ሐሳብ ነው ያሰቃየው። ሁለት አይሱዙ አለፉ። እጁን አላነሳም።

ስልኩ ጮኸ። ሌንሳ ናት፤ ለጠዋት ሥራ ገና በማለዳ ነው የምትነሳው።

«አባ! እንዴት አደሩ? የት ደረሱ?»

«ዲንሾ።»

«ዲንሾ ገና? መኪናው ተበላሸ እንዴ?»

«መኪናው ሄዷል። እኔ ወርጄ ነው።»

«አመመዎት?»

«አላመመኝም። ሌንሳ፣ ስሚኝ። አልመጣም።»

«ለምን አባ?» አለች። ኢታና መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ የቆየው ለአፍ መክፈት ነበር እንጂ ለውሸት አልነበረም፤ ስለዚህ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ብርዱን አልችለውም።»

«ብርድ? አባ፣ ዲንሾ ቆመው ነው ብርድ የሚፈሩት?»

«ሰውም አላውቅ፣ ቋንቋም አላውቅ። የእናትሽን መቃብር ማን ያይላታል? ጎባ ለምጃለሁ። እዚሁ ይሻለኛል።»

«ያኔ ለምን አልነገሩኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ ስሮጥ እያዩኝ? ክፍሉን ስቀባ ለምን አልነገሩኝም?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ምርመራው ብቻ እኮ ነው የቀረው! አፍ ከፍቶ መዝጋት ብቻ! ይህቺን ለእኔ ማድረግ አቃተዎት?»

ኢታና ዓይኑን ጨፈነ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል ብትወጣ ሌንሳ ለቅሶዋን ታቆማለች፤ ቀጥሎ ግን ሌላ ለቅሶ ትጀምራለች፤ ያኛው ደግሞ የሚያቆመው የለም።

«አቃተኝ» አለ።

«በየቀኑ የማላውቃቸውን ሽማግሌዎች እግር አጥባለሁ! በየቀኑ የእርስዎ እግር ነው ብዬ ነው የማጥበው! ነገ ወድቀው ቢሞቱ እኔ በምን አውቃለሁ? ማን ይደውልልኛል?» እያለቀሰች ጮኸች። ከዚያ፣ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብላው የማታውቀው ልጅ፣ እንዲህ አለችው፤ «አባት እንዲህ ያደርጋል? አንተ ደግሞ አባት ነህ? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ አባት ነህ?»

ኢታና ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

«ነኝ» አለ።

የሌንሳ ለቅሶ ብቻ ይሰማ ነበር። ኢታና እሷ ራሷ እስክትዘጋው ድረስ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም።